ሊሾው ገና ሦስት ሳምንቱ ነው፤ ፓርኬ ላስነጥፍ ወይስ ልጠብቅ?

ይህን ጥያቄ በውይይት መድረካችን የከፈተችው አዲስ አበባ፣ ሲኤምሲ አካባቢ የወላጆቿን ቤት የምታሳድስ እህት ናት። ቤቱ መሬት ላይ ያረፈ ቪላ ነው። የሳሎኑ አሮጌ ሴራሚክ ተነስቶ ሐምሌ መጨረሻ ላይ አምስት ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የሲሚንቶ ሊሾ ፈሰሰበት። እሷ የጻፈችው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ፓርኬ አንጣፊው ሊሾው ነጥቷል፣ ደርቋል፣ ነገ እንጀምር እያላት ነው። እናቷም የእንቁጣጣሽን እንግዳ በአዲሱ ሳሎን መቀበል ይፈልጋሉ። እሷ ግን ልቧ አልቆረጠላትም። ላስነጥፍ ወይስ ልጠብቅ ብላ ምክር ጠየቀች።

ክሩ፣ ማለትም የጥያቄና መልሱ ሰንሰለት፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ስለረዘመ መሀል ላይ ለገባ ሰው መያዣ መጨበጫው ይጠፋዋል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ስከታተል ስለነበር በየተራው ልንገራችሁ። አቋሜን አልደብቅም። በአዲስ አበባ ፓርኬ የሚበላሸው በአብዛኛው ከስሩ በሚመጣ እርጥበት ነው። ለበዓል ተብሎ ተቸኩሎ የተነጠፈና ዓመት ሳይሞላው የተነሳ ወለል አይቻለሁ። ሰው ለዓመታት ያጠራቀመው ገንዘብ እንዲህ ሲባክን ያበሳጨኛል።

መልስ 1። የመጀመሪያው መላሽ ጨዋ ሰው ነው። ወላጆችሽን እንዲህ ማሰብሽ ደስ ይላል፣ እግዜር ይስጥሽ ብሎ ጀመረ። ከዚያ ሊሾ ከነጣ ደርቋል ማለት ነው አለ። እሱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሊሾ ካስፈሰሰ በሁለት ሳምንቱ ፓርኬ አስነጥፎ እስካሁን ምንም አልሆነበትም።

መልስ 2። ይሄኛው ትንሽ ኮስተር ብሎ ነው የመጣው። አራተኛ ፎቅና ምድር ቤት አንድ አይደሉም፣ አራተኛ ፎቅ ከስሩ የጎረቤት ጣሪያ እንጂ አፈር የለውም አለ። ከዚያ ለመልስ 1 ሰጪ ጥያቄ አስከተለ። አንተ ያስነጠፍከው እውነተኛ እንጨት ነው ወይስ ላሚኔት?

መልስ 3። የመጀመሪያው ሰው ተመልሶ ላሚኔት መሆኑን ተናገረ። ገበያው ሁሉንም ፓርኬ ነው የሚለው፣ እኔ ምን ላድርግ ብሎ ትንሽ ከፋው። እውነቱን ነው። ሱቅ ገብታችሁ ፓርኬ ስትሉ ሦስትም አራትም የተለያየ ዕቃ ያወጡላችኋል። አንዱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ እንጨት ነው። ሌላው ላዩ ጥቂት ሚሊ ሜትር እንጨት ሆኖ ስሩ እንደ ኮምፖንሳቶ የተደራረበ ነው። ላሚኔት ደግሞ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ሆኖ ላዩ ላይ የእንጨት ፎቶ የታተመበት ነው። ፕላስቲኩንም ፓርኬ የሚሉት አሉ። ሁሉም ለውሃ ያላቸው ጠባይ የተለያየ ስለሆነ መልስ 2 ያነሳው ጥያቄ ወሳኝ ነበር።

መልስ 4። ክሩን ያከበረው ይህ መልስ ነው። ዕድሜያቸውን በአናጢነት የጨረሱ አንድ አባት ናቸው የጻፉት። ከዚያ በኋላ ሁሉም ጋሼ እያለ ይጠራቸው ጀመር። እንጨት ከተቆረጠም፣ ከተላገም፣ ቫርኒሽ ከተቀባም በኋላ ውሃ መጠጣትና መትፋቱን አያቆምም አሉ። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል። የሚያብጠውም ወደ ጎኑ ነው፤ በርዝመቱ በኩል ያለው ለውጥ ከቁጥር አይገባም። ለዚህ ነው በወለሉ ዙሪያ፣ ከግድግዳው በመለስ፣ ከአስር እስከ አስራ አምስት ሚሊ ሜትር ክፍት መተው ያለበት። ክፍቱን ዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ የሚዞረው ጠርዝ) ይሸፍነዋል፣ ማንም አያየውም። ዞኮሎው ግን ግድግዳው ላይ እንጂ ፓርኬው ላይ መመታት የለበትም።

አንድ አዳራሽም አስታወሱ። አንጣፊው ለዓይን እንዲያምርለት ብሎ እንጨቱን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ጥርቅም አድርጎ ገጠመው። የተነጠፈው በጥር ነው። ሐምሌ ሲገባ እንጨቱ አበጠ፣ መሄጃ አጣ፣ መሀሉ እንደ ድንኳን ተነስቶ ሰው መርገጥ አልቻለም። ለእህታችን የሰጡት መልስ አጭር ነው። ልጄ ሆይ፣ እንቁጣጣሽ በየዓመቱ ይመጣል፣ ጠብቂ አሉ።

መልስ 5። ከሜሪላንድ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ የጻፈ ወንድም ነው። ነገሩን ሁሉ ለምን ታከብዱታላችሁ ባይ ነው። እሱ ቤቱን ራሱ ነው ያነጠፈው። 19 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ኦክ ገዛ፣ የሚስማር መምቻ ማሽን ተከራየ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠርቶ ጨረሰ። ኮላ የለ፣ መጠበቅ የለ። እዚያ በብርዱ ወራት ማሞቂያው ሲበራ በእንጨቶቹ መሀል ትንሽ ክፍተት ይታያል፣ በሙቀቱ ወራት መልሶ ይገጥማል አለ። እሷም ሰው ከምትቀጥር ወንድሞቿን ሰብስባ እንድትመታው መከራት።

መልስ 6። እዚህ ላይ ድምፁ ተቀየረ። የሕንጻ መሐንዲስ የሆነች እህት ናት፤ ለመልስ 5 ሰጪ ምንም አላዘነችለትም። የሜሪላንድ ቤት ወለሉ ከእንጨት ተሸካሚ ላይ የተመታ ኮምፖንሳቶ ነው፣ ሚስማር ይይዛል። የሲኤምሲው ቤት ግን ኮንክሪት ነው። ሚስማሩ የት ነው የሚገባው ብላ ጠየቀችው። የማያውቁትን አገር ቤት በማያውቁት አገር ዘዴ ማስነጠፍ ሰው ማክሰር ነው ብላ ጨመረች። አነጋገሯ ጠንከር ያለ ነበር፤ የተናገረችው ግን ልክ ነው።

ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። የሲሚንቶ ሊሾ በደህና አየር በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርቃል ተብሎ ይገመታል። አምስት ሳንቲ ሜትር ማለት ሃምሳ ቀን ነው። ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ደግሞ የቀኑ ቁጥር ከውፍረቱ በላይ ይጨምራል። ይህ ሁሉ አየሩ ደረቅና ሞቅ ያለ ሲሆን ነው። በነሐሴ ዝናብ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ ሂሳቡ ከዚያም ይረዝማል። ሊሾው የነጣው ላዩ ብቻ ስለደረቀ ነው፤ ውስጡ ገና ውሃ ይዟል። ፓርኬው ሲለጠፍበት ያ ውሃ መውጫው ይዘጋበትና ወደ እንጨቱ ሆድ ይገባል። ያኔ የእያንዳንዱ እንጨት ጠርዝ ቀና ይላል፣ መሀሉ ይጎደጉዳል። በባዶ እግር ሲሄዱበት ይታወቃል።

ሌላም አለ። የአካባቢው አፈር ዋልካ ከሆነ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ይይዛል። አሮጌ ቤት ሲሠራ ከኮንክሪቱ ስር ላስቲክ ካልተነጠፈ የአፈሩ እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ላይ ይወጣል። ይህኛው ሊሾው ቢደርቅም አይቆምም። ስለዚህ ዋናው ጥያቄ ሊሾው መቼ ይደርቃል የሚለው ብቻ አይደለም፣ ከስሩ ምን አለ የሚለውም ነው አለች። በኔ እምነት የክሩ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው።

መልስ 7። የሜሪላንዱ ወንድም ተቆጣ። ውጭ አገር ያለ ሰው ምንም ቢናገር ዲያስፖራ እየተባለ ይሰደባል፣ የቸርነት ምክር ነው የሰጠሁት አለ።

መልስ 8፣ 9 እና 10። እነዚህ ስለ ፓርኬ አይደሉም። አንዱ ዲያስፖራው የቤት ዋጋ አስወደደ አለ፣ ሌላው ዲያስፖራው ባይልክ ማን ቤት ይሠራ ነበር ብሎ መለሰ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም ሰደበ። አወያዩ ገብቶ ወደ ወለሉ እንመለስ ብሎ ለመነ። ጥሩ አደረገ።

መልስ 11። አንድ ወጣት ማንም ሰው ቤቱ የሚያደርገውን ፈተና አመጣ። በእያንዳንዱ ጎኑ ግማሽ ሜትር የሚጠጋ ንጹህ ላስቲክ ትቆርጫለሽ፣ ሊሾው ላይ ታነጥፊዋለሽ፣ አራቱንም ጠርዝ በስኮች አጥብቀሽ ታሽጊዋለሽ። ቢያንስ አስራ ስድስት ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሙሉ ቀን ይቆይ። ስታነሺው ከስሩ የውሃ ጤዛ ካለ ወይም ሊሾው ጠቆር ካለ አልደረቀም ማለት ነው። በአንድ ቦታ ብቻ እንዳታደርጊው፣ መሀል ላይም ጥግ ላይም ሞክሪ አላት። ወጪው የስኮች ዋጋ ነው።

መልስ 12። መሐንዲሷ ይህን ደግፋ አንድ እርማት አከለች። ላስቲኩ እርጥብ ሲሆን እመኚው፣ ደረቅ ሲሆን ግን በእሱ ብቻ አትመኚ አለቻት። ቤቱ ከቀዘቀዘ ውስጡ እርጥበት እያለም ጤዛ ላያወጣ ይችላል። እርግጠኛው ዘዴ ከሊሾው ሆድ ቁራጭ አውጥቶ፣ ፈጭቶ፣ ውሃ ሲነካው ጋዝ ከሚያወጣው ካርባይድ ጋር በብረት ጠርሙስ ውስጥ አሽጎ የሚፈጠረውን ግፊት ማንበብ ነው። ለሲሚንቶ ሊሾ የሚነበበው የውሃ መጠን ከሁለት ከመቶ መብለጥ የለበትም። ከስሩ የማሞቂያ ቱቦ ካለ ደግሞ ከዚያም ማነስ አለበት።

መልስ 13። ጠያቂዋ ተመለሰች። ሁሉንም አመስግና ላስቲኩን በሦስት ቦታ እንዳሸገች ተናገረች። ስለ እንጨቱ ሻጩ የነገራት ኦርጅናል ነው የሚል ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱን ቁራጭ በጎኑ አቁማ ፎቶ አነሳችው።

ፎቶው ጥሩ ነበር። ላዩ ላይ አራት ሚሊ ሜትር የሚሆን ቀይ ቡናማ እንጨት ይታያል። ከስሩ ቀጫጭን ሽፋኖች አንዱ በቁመት አንዱ በአግድም ተደራርበዋል። በአንደኛው ጥግ ኮላው ወጥቶ ጠብታ ሠርቷል።

መልስ 14። ጋሼ ፎቶውን አይተው ደስ አላቸው። ይህ አንድ ወጥ እንጨት አይደለም፣ ግን አትዘኚ አሏት። ሽፋኖቹ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ከአንድ ወጡ ያነሰ ነው የሚንቀሳቀሰው። ለአዲስ አበባ ክረምትና በጋ እንዲያውም ይሻላል። ላዩ አራት ሚሊ ከሆነ ወደፊት አንድ ሁለቴ ተልጎ መታደስ ይችላል። የላዩ ሽፋን እንደ ወረቀት የሳሳ ከሆነ ግን ብርጭቆ ወረቀት ሲነካው ስሩ ብቅ ይላል። ሱቅ ስትሄዱ ላዩን ብቻ ሳይሆን ጎኑን እዩ ብለው ለሁሉም አሳሰቡ።

መልስ 15። አንዲት እናት ቡናውን አነሱ። እስካሁን የጻፉት ሁሉ ረስተውት ነበር። ሳሎን ማለት ቡና የሚፈላበት ቦታ ነው። እርጥብ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ፍም ከከሰል ምድጃው ይወድቃል፣ ረከቦቱ ይጎተታል፣ ከጀበናው ውሃ ይፈሳል። እሳቸው ሳሎን ውስጥ ረከቦቱ በሚቀመጥበት ጥግ ፓርኬው ጠቁሯል፣ እጅ የሚያህል ቦታ ደግሞ ተቃጥሏል። ምክራቸው ለቡናው ቦታ ሰፋ ያለ የሴራሚክ ንጣፍ ከፓርኬው ጋር እኩል አድርጎ ከመጀመሪያው መሥራት ነው። ካልሆነ ወፍራም ምንጣፍ ላይ ትሪ ማድረግ። ቤት ለምትረዳው ልጅም ወለሉ በባልዲ ውሃ እንደማይታጠብ ገና በመጀመሪያው ቀን ይነገራት፤ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ መጥረግ ይበቃል አሉ። ይህን መልስ ብዙ ሰው ወደደው፣ እኔም ጭምር። ባለሙያዎቹ ያላዩትን አዩ።

መልስ 16። ቀጣዩ ሰው ነገረኛ ነበር። ቡና የማይፈላበት፣ ውሃ የማይነካው፣ በዓል የማይደርስለት ወለል ለምን ያስፈልጋል፣ ሴራሚክ አድርጋ ትገላገል አለ። ፓርኬ ለታይታ ነው ብሎም ደመደመ።

መልስ 17። መልስ 2 የሰጠው ሰው ነው ያረፈበት። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር ከፍታ በላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት፣ በጥቅምት ሌሊት ሴራሚክ እግር ይነክሳል አለ። አረጋውያን ወላጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ርጥብ ሴራሚክ አደገኛ ነው። ከዚያ ከፈረንሳይ አንድ ታሪክ አመጣ። በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፣ በእነሱ አቆጣጠር በ1684፣ የእብነ በረድ ወለል ተነስቶ በእንጨት ፓርኬ ተተክቷል። ምክንያቱ እብነ በረዱን ለማጠብ የሚደፋው ውሃ ከስር ያሉትን የእንጨት ተሸካሚዎች ማበስበሱ ነበር። ፓርኬ የመጣው ውሃ መድፋትን ለማስቀረት ነው፣ እኛ ደግሞ ፓርኬ አንጥፈን ውሃ እንደፋበታለን አለ።

መልስ 18 እስከ 21። እዚህ ላይ ወሬው ወደ አሮጌ ቤቶች ሄደ። አንዱ አያቱ ቤት የነበረውን የጥድ ጣውላ ወለል አነሳ፤ በሰም ሲወለወል ቤቱ ሁሉ ይሸት ነበር። ሌላዋ ለምን የራሳችንን ዋንዛ አናነጥፍም ብላ ጠየቀች። ጋሼ በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከተፈጥሮ ደን መቁረጥ ከልክሎ እንደነበር አስታወሱ። ዋንዛ ነው ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ከየት እንዳመጣው ጠይቁት አሉ። ባህር ዛፍስ ለሚለው፣ ጠንካራ ነው፣ ግን ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፤ ቀስ ብሎ በጥላ ካልደረቀ ለወለል አይሆንም አሉ። አራተኛው በ2016 ፒያሳ ላይ ከፈረሱት ቤቶች የወጣው ጣውላ የት ገባ ብሎ ጠየቀ። ጥያቄው ልብ ይነካል፤ መልስ የሰጠው ግን አልነበረም።

መልስ 22። አንድ ፓርኬ አንጣፊ ብቅ አለ። የእሷ አንጣፊ አይደለም፣ ግን ለሙያ ባልደረቦቹ ተከራከረ። እናንተ ሁሉም ጥፋት የኛ ነው ትላላችሁ፣ ደንበኛው ግን ለሰርግ፣ ለክርስትና፣ ለበዓል ድረሱልኝ እያለ ነው የሚያጣድፈን አለ። የምንከፈለው በካሬ ነው፣ ሊሾ እስኪደርቅ ቁጭ ብለን የምንጠብቅበት የለንም። አልነጥፍም ብል በማግስቱ ሌላ ሰው ገብቶ ይነጥፈዋል፣ እኔ እንጀራዬን አጣለሁ አለ። በመጨረሻ የእርጥበት መከላከያ ቀለም ሁለት ዙር ተቀብቶ መንጠፍ እንደሚቻልም ጠቆመ።

ሰውዬው የተናገረው እውነት ነው። ባለቤቱም እያጣደፈ ጥፋቱን ባለሙያው ላይ ብቻ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው።

መልስ 23። መሐንዲሷ ስለ ቀለሙ መለሰችለት። በዚህኛው መልሷ ለስለስ አለች። መከላከያው አለ፣ ይሠራልም፣ ግን የራሱ ወሰን አለው፤ ወሰኑም ጣሳው ላይ ተጽፏል። ሊሾው ምን ያህል ውሃ እንደያዘ ሳይለካ መቀባት በጭፍን መሥራት ነው። ከመሬት ለሚመጣው እርጥበት ግን ሊሾው ከደረቀ በኋላም ቢሆን መቀባቱ ይጠቅማታል አለች።

መልስ 24። ጠያቂዋ ውጤቱን ይዛ መጣች። መሀል ላይ የታሸገው ላስቲክ ከስሩ ጠብ ጠብ የሚል ውሃ ይዟል። በጓሮው ግድግዳ በኩል ያለው ደግሞ ሊሾው በላስቲኩ ልክ ጠቁሯል። ለአንጣፊው ላስቲኩን አሳየችው። ትንሽ ካንገራገረ በኋላ እሱም ተስማማ። እናቷን ማሳመን ግን ከሱ ቀለለ። ላስቲኩ ላይ ያለውን ውሃ በጣታቸው ነክተው፣ እንግዲያው እንግዳውን ሊሾው ላይ ምንጣፍ ዘርግተን እንቀበላለን አሉ። ከዚያ ጥያቄዋ ተቀየረ። እስኪደርቅ ድረስ ምን ላድርግ? መቼስ ላስነጥፍ?

መልስ 25። አንዱ በጎ አሳቢ የከሰል ምድጃ ወይም የጋዝ ማሞቂያ ሳሎኑ ውስጥ አስገብታ እንድታደርቅ መከረ።

መልስ 26። ሦስት ሰው ተረባርቦ ከለከላት። ጋዝ ሲቃጠል ራሱ እንፋሎት ያወጣል፣ ቤቱን ያረጥባል። የታፈነ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ደግሞ ሰው ይገድላል። ይህን መድገም ተገቢ ነው፤ በየዓመቱ የምንሰማው ሞት ነው። ፀሐይ ስትወጣ መስኮት በተቃራኒ አቅጣጫ ከፍቶ ነፋስ ማሳለፍ፣ ሲዘንብ መዝጋት፣ ማራገቢያ ካለ ወደ ወለሉ ማዞር በቂ ነው።

መልስ 27። ጋሼ ስለ ጊዜው ተናገሩ። ክረምቱ ይውጣ፣ መስቀል ይለፍ፣ ጥቅምትን ይድረቅ፣ ኅዳር ላይ ተለክቶ ይነጠፍ አሉ። በጥር ግን አይሁን። እንጨቱ ከሚገባው በላይ ደርቆ ከተነጠፈ ክረምት ሲመጣ ብዙ ያብጣል። ከመነጠፉ በፊት ባሉት ቀናት ካርቶኑ እዚያው ሳሎን ውስጥ ይቀመጥ፣ የቤቱን አየር ይልመድ። ሊሾው ወጣ ገባ እንዳለው በሁለት ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ይታይ፤ ከሦስት ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ አስቀድሞ ይስተካከል። አለበለዚያ ኮላው ያልያዘው ቦታ ሲረግጡት ይንቋቋል። ውሉ ላይም ሁለት ነገር እንዲጻፍ አሳሰቡ። አንዱ ከመነጠፉ በፊት እርጥበቱ የሚለካ መሆኑ ነው። ሌላው በግድግዳው ዙሪያ የሚተወው ክፍት ነው።

መልስ 28። የሜሪላንዱ ወንድም እንደገና መጣ። ኮንክሪቱን አላሰብኩትም ነበር ብሎ መሐንዲሷን አመሰገናት። ለጠያቂዋም የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ በሚመጣ ሰው እጅ እንዲልክላት ጠየቃት። እሷም በደስታ ተቀበለች።

መልስ 29። ገርጂ ኮንዶሚኒየም የምትኖር እህት ከላይ ያለው ጎረቤቷ ላሚኔት ካስነጠፈ ወዲህ የሙቀጫው ድምፅ ጭንቅላቷ ላይ እንደሚያርፍ ጽፋ፣ ከስር የሚነጠፈው ስፖንጅ ይረዳ እንደሆነ ጠየቀች። ይረዳል፣ ግን ሙቀጫውን አያስቆምም የሚል መልስ ተሰጣት። አወያዩም ይህን ለብቻው ክር ክፈቺለት አላት፤ ከፍታዋለች። እህታችን ኅዳር ላይ የመለኪያውን ቁጥር እዚሁ እንደምትጽፍ ነግራናለች። እስከዚያ ድረስ ሲኤምሲና አካባቢው ሊሾ በካርባይድ የሚለካ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉላት።